ኔትወርክ አለ፣ ኢንተርኔት የለም

ሰሞኑን ዕድሜውን በቴሌኮም ሥራ ከጨረሰ መሐንዲስ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ክርክር ገጠምን። እሱ፣ «ገጠሩ ኢንተርኔት አላገኘም እያላችሁ የምትጽፉት ነገር ጊዜው አልፎበታል፤ የሞባይል ምሰሶ ያልቆመበት ወረዳ ከየት ታመጣለህ?» ይለኛል። የተማርኩት ሕግ እንጂ ምሕንድስና ስላልሆነ የመለስኩለት በለመድኩት መንገድ ነው። «ቆሟል» እና «ያገለግላል» አንድ አይደሉም። ቧንቧው ግቢህ ድረስ ገብቶልህ ውኃው በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ቢመጣ ውኃ አለህ ልትባል ነው? ወዳጄ ሳቀና «እሺ፣ የት ላይ ነው የምትሞግተኝ?» አለ። አጅባር ላይ አልኩት።

አጅባር በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ያለች ከተማ ናት። ያን አገር ላላያችሁት፣ ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱ፣ በካቤና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ የአካባቢውን ጠባይ በደንብ ያሳያል። ላይ ላዩን ሲያዩት ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ብርዳም ሜዳ ይመስላል። ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ግን መሬቱ ድንገት ይቆረጣል። በአንድ ወገን በሽሎ፣ በሌላው ወገን ዓባይ፣ ከነገባሮቻቸው ደጋውን እንደ እጅ ጣት ለያይተውታል። ማዶ ያለው ቀበሌ ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ ይታያል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ቁልቁል፣ ግማሽ ቀን ሽቅብ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ጎትተው መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ የፈጀባቸው በበሽሎና በመሰል ገደሎች የተነሳ ነው።

የመሬቱን ነገር ያነሳሁት ለወግ ያህል አይደለም። ፋይበር ገመድ የሚከተለው መንገድንና የኤሌክትሪክ መስመርን ነው። መንገዱ በዞረበት ይዞራል፣ መንገዱ በተቋረጠበት ይቋረጣል። የሬዲዮ ሞገድ ግን ገደሉን አይቆጥርም፤ ከጠርዝ ጠርዝ መተያየት ከተቻለ ይሻገራል። ስለዚህ እንዲህ ባለው አገር ኢንተርኔት በአብዛኛው በአየር መምጣቱ አይቀርም። የሚቀረው ጥያቄ በየትኛው መንገድ የሚለው ነው፤ በሞባይል ዳታ ነው ወይስ «ቋሚ ገመድ አልባ» በሚባለው ብሮድባንድ? ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይወስዳል። የበጀት ውሳኔ የሚሰጡት ሹማምንት ሳይቀሩ እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ከሞባይሉ እንጀምር። አንድ ምሰሶ በዙሪያው ላሉ ስልኮች ሁሉ የተወሰነ የሬዲዮ ሞገድ ያካፍላል። ባለ ስልኩ ገበያ መሐል ይሁን ማሳ ላይ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሞገዱ ሰፊ ቦታ እንዲሸፍን ተደርጎ ይበተናል። ችግሩ ግን ከምሰሶው ይልቅ በስልኩ በኩል ይበረታል። የ4ጂ ስልክ ወደ ምሰሶው መልሶ የሚልክበት ከፍተኛ ኃይል የአንድ ዋት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። አንቴናው ኢምንት ናት፣ ሰውየው የያዘው ደረቱ ላይ ነው፣ የተቀመጠውም በድንጋይ ወይም በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ክዳን ሥር ነው። ስለዚህ ስልኩ ምሰሶውን ይሰማል፣ ምሰሶው ግን ስልኩን አጥርቶ አይሰማም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሦስት መስመር እየታየ ፎቶ አልላክ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ነገር መጋራት ነው። የሞባይል ምሰሶ አቅም ለተጠቃሚው ሁሉ የሚከፋፈል ነው። በሥራ ቀን ጠዋት የሚበቃው በገበያ ቀን አይበቃም፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይደውላል፣ ቪዲዮ ያያል፣ ይልካል። 2ጂ ብቻ በሚደርስበት ቀበሌ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚያ 200 ኪሎ ቢት በሰከንድ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው፤ በዚህ ፍጥነት 10 ሜጋ ባይት የሚመዝን አንድ የራጅ ምስል ለመላክ ከ6 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ያውም መሐል ላይ ካልተቋረጠ።

ቋሚ ገመድ አልባ ስንል ተቀባዩ ቦታ አይቀይርም ማለታችን ነው። ጣሪያ ወይም እንጨት ላይ የተሰቀለ ዲሽ ወይም ጠፍጣፋ አንቴና ወደ አንድ ምሰሶ ብቻ ዞሮ ይታሰራል። ከዚያ በገመድ ወደ ውስጥ ይገባና ራውተር ቢሮውን በሙሉ ያዳርሳል። ይኼ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ተራ የሚባለው የውጭ አንቴና እንኳ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ሰብስቦ ስለሚልክ ከስልክ ጋር ሲነጻጸር 30 እጥፍና ከዚያ በላይ ያጠነክረዋል። በላዩ ላይ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ነፃ ነው፣ ከፍ ብሎም ተሰቅሏል። እዚያው ክፍል ውስጥ ስልክ የማያገኘውን 4ጂ ጣሪያ ላይ ያለው አንቴና አጥርቶ ያገኛል። ለረጅም ርቀት ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ፣ ዲሽ ለዲሽ የሚተያዩ መሣሪያዎች አሉ። እነዚህ 20 እና 30 ኪሎ ሜትር ተሻግረው በአሥሮች የሚቆጠር ሜጋ ቢት በሰከንድ ያደርሳሉ። የሚበሉት ኤሌክትሪክ ከአንድ አነስተኛ አምፖል የሚበልጥ አይደለም፤ አንድ የፀሐይ ሰሌዳና አንድ ባትሪ ይበቃቸዋል። ሙሉ የሞባይል ጣቢያ ግን ኪሎ ዋት ነው የሚጠይቀው። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ናፍጣ በዚያ መንገድ ጭኖ ማድረስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በቬንዙዌላ በፈረንጆቹ 2007 በኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ የተመራ ቡድን ዋይፋይን ከተራራ ተራራ 382 ኪሎ ሜትር አሻግሮ አሳይቷል። እሱ ለሙከራ ነው እንበል። በሕንድ ታሚል ናዱ የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ከካሊፎርኒያው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በቴኒ አካባቢ ያሉ የገጠር የዓይን ምርመራ ጣቢያዎቹን በረጅም ርቀት ዋይፋይ አገናኝቷል። ነርሷ መንደር ውስጥ ትመረምራለች፣ ሐኪሙ ከተማ ሆኖ በቪዲዮ ያያል፤ በሽተኛው የሚጓዘው ቀዶ ጥገና ካስፈለገው ብቻ ነው። ለእኛ ደጋ የሚቀርበው ምሳሌ ይኼ ነው።

በነገራችን ላይ ወዳጄ መሐንዲሱ ራሱ ያመነልኝ አንድ ነገር አለ። ፋይበር ያልደረሰበት የገጠር ሞባይል ምሰሶ ራሱ ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኘው በማይክሮዌቭ ነው፤ ማለትም ዲሽ ለዲሽ በሚተያይ ቋሚ ገመድ አልባ። ምሰሶ ከምሰሶ እንደ ሰንሰለት ይቀባበላሉ። አንዱ ኮረብታ ላይ ያለው ባትሪው ሲሞት ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አብረው ይሞታሉ። «ዛሬ ኔትወርክ የለም» የሚባለው ቀን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያው ከተማው ውስጥ ሳይሆን ሦስት ኮረብታ ማዶ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂውን አገራችን አታውቀውም ማለት አይቻልም። ኦፕሬተሩ ለራሱ ምሰሶ ይጠቀምበታል፤ ለጤና ጣቢያው ግን ሲም ካርድ ይሸጥለታል።

ከዓመታት በፊት ለአንድ የመሬት ክርክር ወደዚያው ደጋ ሄጄ ሳለሁ ያየሁት ትዝ ይለኛል። የጤና ባለሙያዋ የወሩን ሪፖርት ለመላክ ስልኳን ይዛ ከጤና ጣቢያው በስተጀርባ ያለውን ጉብታ ትወጣ ነበር። ወረቀቶቹ በነፋሱ እንዳይበሩ በድንጋይ ትጭናቸዋለች። ጤና ሚኒስቴር ሪፖርቱን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 በሚባለው ሥርዓት አማካይነት በኮምፒዩተር መሰብሰብ ከጀመረ ቆይቷል፤ ሥርዓቱ ያማረ ነው፣ ከጉብታው በላይ። ይህቺ ሴት በሽፋን ስሌት ውስጥ «አገልግሎት ያገኘች» ተብላ ነው የምትቆጠረው።

ይህን ስል ቋሚው ገመድ አልባ እንከን የለሽ ነው እያልኩ አይደለም። ከሁሉ በፊት መተያየት ይፈልጋል። ጠርዙ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ያገኛል፣ ገደሉ ሥር ቆላው ውስጥ ያለው አያገኝም፤ ለእሱ መሐል ላይ ሌላ መቀባበያ መትከል ግድ ነው። ደግሞ መተያየት ማለት በዓይን ማየት ብቻ አይደለም። በ10 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ሞገድ መሐል ለመሐል ላይ ዙሪያውን 12 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይሻል። እዚህ ላይ የወሎ ደጋ አንድ የታወቀ ጠላት አለው፤ ባሕር ዛፍ። መሣሪያው ሲተከል አጥሩ ላይ የነበረው ችግኝ በአምስት ዓመት ውስጥ ከዲሹ በላይ ይሄዳል። ኢንተርኔቱ በየዓመቱ እየደከመ ሲመጣ ሰው «መሣሪያው አረጀ» ይላል፤ ያደገው ዛፉ ነው። ዝናብና ጉም በዚህ ሞገድ ላይ የጎላ ጉዳት የላቸውም። መብረቅ ግን አለው፤ የመሬት ገመድ ሳይቀበርለት የተሰቀለ ዲሽ ክረምቱን ላይሻገር ይችላል። ነፋስ ዲሹን ትንሽ ካዞረውም መስመሩ ይጠፋል፣ የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ መውጣት አለበት። ስልክ ቢበላሽ ሌላ ስልክ ይገዛል። ዲሽ ሲዞር ግን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

አገራችን በዚህ በኩል ያለፈችበት ታሪክም አላት። በ1990ዎቹ የተጀመረው ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ዲሽ አገናኘ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፕላዝማው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ሁለቱም ግለሰቡን ሳይሆን ተቋሙን ያሰቡ ነበሩ፤ በዚህ ሐሳባቸው ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ሳተላይቱ ግን ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚቆም ስለነበር ተናግሮ መልስ ለማግኘት ከግማሽ ሰከንድ ያላነሰ ይጠበቃል፤ መስመሩም ጠባብና ውድ ነበር። በብዙ ቦታ የገደላቸው ግን ይህ አይደለም። መብራት መጥፋትና ጠጋኝ ማጣት ነው። ከዚያ በ1999 ዓ.ም. የያኔው ኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ሲፈራረም ሲዲኤምኤ የሚባለው መጣ። በዚያ ጊዜ የገጠር ቀበሌ ያየ ሰው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን አንቴና ያለውን ስልክ ያስታውሳል። ቋሚ ገመድ አልባ ማለት እሱ ነበር፤ ለድምፅ ጥሩ፣ ለዳታ ደካማ። በኋላ በ2005 ዓ.ም. ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በተደረገው የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ገንዘቡም ትኩረቱም ወደ ሞባይል ዞረ፤ 4ጂ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ቀበሌው ጠረጴዛ ላይ የነበረው ስልክ ተረሳ፣ ከእሱ ጋርም ለተቋም የሚሆን የራሱ መስመር ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ አብሮ ተረሳ።

እዚህ ላይ ወደ ሙያዬ ልመለስ። ለምንድን ነው አንድ የወረዳ ማኅበር ወይም አንድ የአካባቢው ልጅ ሁለት ዲሽ ገዝቶ ገደሉን ያላሻገረው? ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት የሰጠን ሰው ከ7 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ነው የሚቀጣው። ፈቃዱን የሚያገኝ ደግሞ አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ብቻ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ማንኮሲ በሚባል ገጠር፣ ዜንዜሌኒ የተባለ የመንደር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ግዴታ ነፃ ተደርጎ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የራሱን መስመሮች ዘረጋ፣ በዚያው የጎረቤቱን ስልክ ቻርጅ እያደረገ ገቢ አገኘ። አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ አንዱ ዘንድ ማኅበር ያስመሰግናል፣ ሌላው ዘንድ ያሳስራል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ነገሩን ከፈተ። ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ አገኘና በመስከረም 2015 አገር አቀፍ አገልግሎቱን አስጀመረ። ባለሥልጣኑ የአገልግሎት ጥራትንና የተጠቃሚ መብትን የሚመለከቱ መመሪያዎችም አውጥቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ቅር የሚለኝ መለኪያው ነው። ሽፋን ሲባል የሚቆጠረው በአብዛኛው የሕዝብ ብዛት ነው፤ ምልክቱ የሚደርሰው ስንት በመቶው ሕዝብ ዘንድ ነው ይባላል። በዚህ መለኪያ ከ90 በመቶ በላይ ደርሰናል፣ ኢትዮ ቴሌኮምም በ2017 ዓ.ም. ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል። ስንት ጤና ጣቢያ፣ ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት የወረዳ ፍርድ ቤት የማይቆራረጥ መስመር አለው ተብሎ ግን አይጠየቅም። አዋጁ ያሰበው የሁለንተናዊ ተደራሽነት ፈንድ ገንዘብ በሞባይል ምሰሶ ቁጥር ብቻ የሚመነዘር ከሆነ የአጅባር ጤና ጣቢያ በሪፖርት ላይ እንደተሸፈነ ይቀራል።

ዋጋውንም እንየው። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፍ ሲቀንስ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ፣ ብሮድባንድ በ54 በመቶ ነበር የወረደው። ትልቁ ቅናሽ የደረሰው ቋሚ መስመር ላለው ነው። ቋሚ መስመር ያለው ደግሞ ከተሜው ነው። ትምህርት ቤቱ በሞባይል ጥቅል ሲጠቀም ዳታው በመሐል ያልቃል፤ ርዕሰ መምህሩም ከኪሱ ካርድ ይሞላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት በጀመረበት አገር ይህ ተራ ብሶት አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የክልል ባለጉዳዮችን በቪዲዮ ማከራከር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ አስተማማኝ መስመር በሌለበት ወረዳ ግን ባለጉዳዩ አሁንም ስንቁን ቋጥሮ መሳፈር አለበት።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት የመጣው በሐምሌ 2015 መጨረሻ ነው። በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ በክልሉ ተቋረጠ፤ በተወሰኑ ከተሞች የተመለሰውም ከ11 ወራት ገደማ በኋላ በሐምሌ 2016 ነው። በዚያ ጊዜ በትልልቆቹ ከተሞች ባለገመድ ብሮድባንድ ያላቸው መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች እየተጠቀሙ ነበር። ሞባይል ዳታ ብቻ የነበረው ደጋ ግን ጨለማ ሆነ። መዝጋቱ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ጋር እንዴት ይታረቃል የሚለውን በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ፤ እኔ በበኩሌ ዓመት የሚጠጋ መዘጋት ተመጣጣኝ ነው ብዬ አላምንም። ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ጤና ጣቢያውና ጎረምሳው በአንድ ቧንቧ የሚጠጡ ከሆነ አንዱን የዘጋ ሁለቱንም ይዘጋል። ተቋሙ የራሱ መስመር ቢኖረው ቢያንስ ለይቶ የመተው አማራጭ ይኖራል። መንግሥት በዚያ አማራጭ ይጠቀማል ወይ ሌላ ጥያቄ ነው፤ አማራጩ ከሌለ ግን ጥያቄውም አይነሳም።

ታዲያ ወዳጄ እንዳለው ሞባይል ይቅር ማለቴ ነው? አይደለም። ገበያ የመጣችው ሴት ቴሌብሯን የምትጠቀመው በ*127# ነው፣ ለዚያ ዳታም አያስፈልጋትም፤ 2ጂ ይበቃታል። ገበሬው የእህል ዋጋ ለመጠየቅ፣ ልጁ ጋ አረብ አገር ለመደወል የሚፈልገው ኪሱ ውስጥ የሚዞር ነገር ነው። ዲሽ ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ለሰው ሞባይል ነው። ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ባሉበት ነው የሚኖሩት፤ በማይንቀሳቀስ ተቋም ላይ ለመንቀሳቀስ የተሠራ አገልግሎት መጫን ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። መካነ ሰላም ላይ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ቦታ ጠንካራ መስመር መግባቱ አይቀርም፤ ከዚያ ተነስቶ በዙሪያው ላሉ ጠርዞች ዲሽ ለዲሽ ማካፈል ሮኬት ማምጠቅ አይደለም። ተማሪዎቹም ምሰሶ ላይ መውጣት ይማሩበታል።

ይህን የሚያስፈጽም ወረዳ ከተገኘ አንድ ነገር ብቻ ልምከር፤ ያለ ክፍያ ነው። ውል ስትፈራረሙ «እስከ 20 ሜጋ» የሚለውን ቃል አትቀበሉ፤ «እስከ» የሚለው ቃል ዜሮንም ያቅፋል። ከዚህ አይወርድም የሚባለውን ፍጥነት በቁጥር አስጽፉ። ሲቋረጥ በስንት ሰዓት እንደሚጠገን፣ ካልተጠገነ ከወሩ ክፍያ ስንት እንደሚቀነስ ይጻፍ። ባሕር ዛፉን የሚቆርጠው ማን እንደሆነም ይጻፍ፤ የሚያስቅ ይመስላል፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን አያስቅም። መለዋወጫ ዲሽና ባትሪ የሚቀመጠው ደሴ ሳይሆን እዚያው አጅባር መሆኑን፣ መጋዘኑ የትኛው እንደሆነና ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ ሳይቀር በውሉ አባሪ ላይ አስፍሩ።